የኔታ ስለ ጊዜ ተጓዡ ያሉት

በዕድሜዬ ከሁሉ አብልጬ የቀናሁባቸው ሰው አንድ ዐይናቸው በፋሻ የታሰረ፣ ሌላው ዐይናቸው ከጭጋግ በቀር የማያይ፣ ከእንግሊዝኛ አንዲት ቃል የማያውቁ ሽማግሌ ናቸው። የባለቤቴ አባት። እንዲህ ሲጻፍ ያሳፍራል፤ ሲኖሩት ግን ከማሳፈሩ ማቃጠሉ ይብሳል።

ፍኖተ ሰላም ውስጥ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ ስልክ የምጠግንባትና ፊልም የምጭንባት አንዲት ጠባብ ሱቅ አለችኝ። ሰው ፍላሹን ወይም ሚሞሪውን ይዞ ይመጣል፣ እኔ እጭንለታለሁ። ኢንተርኔት በጠፋባቸው ወራትማ ከጅጋም፣ ከቡሬም፣ ከቋሪትም የሚመጣው ሰው በረከተ። የሚመጣው ግን ለፊልሙ ብቻ አልነበረም። እኔንም ብሎ ነበር የሚመጣው። በተለይ እነዚያ እርስ በርስ የተጠላለፉት የልዕለ ኃያላን ተከታታይ ፊልሞች ያለ እኔ አይገቡም። ሦስት ናቸው፤ እኛ ሱቅ ውስጥ ያወጣንላቸው ስም ግድግዳ አላፊው፣ ሰሚዋና ተመላሹ ነው። አንዱ ፊልም ውስጥ በር ዘግቶ የወጣ ሰው ሌላው ፊልም ውስጥ በር ከፍቶ ይገባል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን በማኒላ ወረቀት ጽፌ ግድግዳው ላይ ለጥፌዋለሁ። «ተመላሹን እስከ ስድስተኛው ክፍል እይና አቁም፤ ሰሚዋን ጨርሰህ ተመለስ። አለዚያ ሰውዬው ለምን እንደሚያለቅስ አይገባህም» እላለሁ። ሰውም ይሰማኛል።

ባለቤቴንም ያገኘኋት በዚሁ ነው። የግብርና ባለሙያ ናት፤ በየቀበሌው ስትዞር ማታ የምታየው ፊልም ልትጭን መጣች። ቅደም ተከተሉን ስነግራት «እኔ ከፈለግሁት ነው የምጀምር» ብላ ተመላሹን ብቻ ይዛ ሄደች። ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሳ መጣችና ጠረጴዛዬ ላይ ክንዷን አስደግፋ «ልክ ነህ» አለችኝ። ከዚያ በፊት ልክ ነህ ብሎኝ የሚያውቅ ሰው ትዝ አይለኝም። መልክ የለኝም፣ ሀብትም የለኝም፤ በእሷ ዐይን አዋቂ መሆኔ ግን ነበረኝ። ትዳሬ የቆመው በዚያ ላይ ይመስለኝ ነበር። ምሽት ከእራት በፊት ጎን ለጎን ተቀምጠን እናያለን፣ እሷ ትጠይቃለች፣ እኔ አብራራለሁ።

አባቷ የኔታ በጽጌ ወር ለዐይን ሕክምና መጡ። ቋሪት፣ ገበዝ ማርያም አካባቢ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቅኔ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ዐይናቸው በተራ እስኪታከም ድረስ እኛ ዘንድ እንዲቆዩ ተባለ። እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው መዳብ ነው ይባላል። እሳቸው ግን ሳምንት አልፏቸውም ወርቅ እንደሆኑ ቀሩ፤ መዳብ እየሆንሁ የሄድሁት እኔ ነኝ።

በመጀመሪያው ምሽት ባለቤቴ ከሶፋው ላይ «እስቲ ትንሽ ጠጋ በልልን» አለችኝ። የእኔ ቦታ ላይ የኔታ ተቀመጡ፤ እኔ በርጩማ ላይ ወረድሁ። ቴሌቪዥኑ ሲከፈት የኔታ ጆሯቸውን ዘንበል አድርገው «ምንድን ነው የሚለው?» አሉ።

«ፊልም ነው አባዬ፤ ልብ ወለድ ነው።»

«ሐሰት ነው?»

«ሐሰት ሳይሆን ... ምሳሌ ነው በሉት።»

«ምሳሌስ ከሆነ ይሰማል» አሉና ኩታቸውን ሰብሰብ አድርገው ተመቻቹ። ባለቤቴም መተርጎም ጀመረች። ከእኔ ጋር ስታወራ የማልሰማው የአገሯ አማርኛ ወጣ፤ ስትተርክ እጇ ይንቀሳቀሳል፣ ድምጿ ይለዋወጣል። ለካ እንዲህ መተረክ ትችል ኖሯል። እኔ ሳብራራላት እንደዚያ ስቃ አታውቅም። በርጩማው ላይ ሆኜ የማየው ፊልሙን ሳይሆን እነሱን ነበር።

ተመላሹ ማለት ያለፈ ቀን ላይ ተመልሶ የተበላሸውን ማቃናት የሚችል ሰው ነው። እሱ ጋ ስትደርስ ባለቤቴ «እንግዲህ ሰውዬው ወደ ኋላ ሄደ» አለች።

የኔታ እጃቸውን አነሡ። «ቆይ ልጄ። ወደ ኋላ ማለት ወደየት ነው? ‹በኋላ እመጣለሁ› ብትይኝ ገና አልመጣሽም። ‹በፊት መጥቼ ነበር› ብትይኝ አልፏል። በአማርኛችን ያለፈው ፊት ነው፣ የሚመጣው ኋላ ነው። ሰውዬው ወደ ኋላ ከሄደ እኮ ነገ ላይ ነው የሚደርስ።»

«ኧረ አባዬ፣ ትናንት ነው የሄደው!»

«እንግዲያማ ወደ ፊት ነዋ የሄደ። ሰው ያለፈውን ስለሚያየው ፊቱ ነው። የሚመጣውን አያየውም፤ በጀርባው ነው የሚሄድበት። እንደኔ እንደ ዕውሩ።»

ባለቤቴ ሳቋ እስኪያስነባት ሳቀች። እኔ «በእንግሊዝኛው እንዲያ አይደለም» አልሁ። ባለቤቴ ቀሪውን መተርጎም ቀጠለች።

ሱቄ ውስጥ ጠረጴዛው ላይ አንድ ደብተር አለ። ኢንተርኔት ባልነበረ ጊዜ የጀመርሁት ነው፤ ደንበኞች አይተው ሲመለሱ አስተያየታቸውን ይጽፉበታል፣ ሌላው ይመልስበታል፣ ስድብም አይጠፋም። ክርክሩ በብዛት ሰውዬው ባለፈ ቀን ላይ አንዱን ነገር ሲነካ ሌላው ለምን አይፈርስም የሚል ነው። ትልቁ ክርክር ግን ስለ ባለ ዝናብ ልብሱ ነበር። በሦስቱም ፊልሞች በየክፍሉ መጨረሻ ላይ የዝናብ ልብስ የለበሰ፣ ፊቱ የማይታይ ሰው ብቅ ይልና ይጠፋል። ማነው? የእኔ አስተያየት ከሁሉ በላይ፣ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ሰፍሯል፤ ባለ ዝናብ ልብሱ ራሱ ተመላሹ ነው፣ አርጅቶ ከሚመጣው ዘመን የመጣ። ሰው ሁሉ ተቀብሎኝ ነበር።

ባለቤቴ በማግሥቱ ወደ ሥራ ስታልፍ ጎራ አለችና ያንን የፊትና የኋላ ነገር ደብተሩ ላይ ጻፈችው። «የኔታ እንዳሉት» ብላ። እስከ ምሳ ድረስ ሱቁ ተናጋ። አንዱ የባጃጅ ሾፌር «በፊት ወደ ፊት፣ በኋላ ወደ ኋላ» እያለ እንደ ዘፈን ይዞት ዋለ። አንድ የቡሬ ልጅ ከሥሩ አንድ ገጽ ሙሉ መልስ ጻፈ። ከዚያ ወዲህ ሰው ሱቄ ሲገባ መጀመሪያ የሚለው «የኔታ ምን አሉ?» ሆነ። እኔ እዚያው ቆሜ! ፍላሹ እጄ ላይ! ስለ ሰሚዋ ዘጠነኛ ክፍል ያለኝን ሐሳብ ስጀምርላቸው በትሕትና እስክጨርስ ይጠብቁና «እሺ፤ የኔታስ?» ይላሉ።

ቅናት ሰውን ምን ያህል እንደሚያሳንሰው ያወቅሁት ያኔ ነው። ሆን ብዬ እንግሊዝኛ ማብዛት ጀመርሁ። የኔታ ሲጠይቁ «ይኼ ለእርስዎ ይከብዳል» አልሁ፤ እሳቸውም «ቢከብድም ልሸከመው ልጄ» አሉና እንደገና አሣቋት። አንድ ቀን አዲሱን ክፍል ሱቅ ውስጥ ብቻዬን አይቼ ገባሁና እያየን ሳለ የሚመጣውን አስቀድሜ ተናገርሁ። ባለቤቴ ዞር ብላ አየችኝ። «አባዬን ለምን ደስታቸውን ትነጥቃቸዋለህ?» አለች። የእሷንም እንደነጠቅኋት አላነሣችም። የሚገርመው፣ በዕውቀታቸው ብቻ አልነበረም የምቀናው፤ ባለማወቃቸውም እቀና ነበር። እኔ አሥር ጊዜ አይቼ የጨረስሁትን እሳቸው ገና ለመጀመሪያ ጊዜ ነው የሚሰሙት።

በዚህ መሀል ባለቤቴ ለሥራ ቡሬ ወረደች። የስንዴ ማሳ ልታይ ጠዋት ወጥታ አመሻሽ ላይ ነው የምትመለሰው። የኔታን ምሳ የማበላቸው እኔ ነኝ። ሱቁን ዘግቼ መጣሁ፣ ሽሯቸውን አቀረብሁ፣ በላን። እጃቸውን ካስታጠብኋቸው በኋላ «እስቲ ያን ሰውዬ ከተውንበት አንሣልኝ» አሉኝ። መብራት የለም፤ ላፕቶፔን ከፈትሁ። እየቆራረጥሁ፣ እንደ ግዴታ አድርጌ ተረክሁላቸው።

«ድልድዩ ተሰብሮ ወንድሙ ሞተ፤ ተመላሹ ጠዋቱ ላይ ተመልሶ ሊያድነው ነው። ከሚስቱ ጋር ገበታ ላይ ናቸው። እሷ ‹አንድ ነገር ልነግርህ ነበር› ስትል እሱ ጥፍት አለ። ሄደ።»

«ምን ልትለው ነበር?»

«አልታወቀም። ቀኑ ተሰርዟል።»

«ማን ሰረዘው?»

«ራሱ ነዋ የኔታ። ወደ ጠዋቱ ሲመለስ የዋለው ሁሉ እንዳልነበረ ይሆናል።»

«እሱስ ሄደ። እሷ የት ሄደች?»

ይህን ፊልም ስንቴ አይቼዋለሁ፣ ስንት ሰው አስረድቻለሁ፤ ያቺ ሴት የት እንደ ሄደች ግን አንድ ቀንም ጠይቄ አላውቅም። «የትም አልሄደችም» አልሁ።

«እኔም እሱን ነው የምል» አሉ። ከዚያ ትራሱን ተደገፉ። የተኙ መስሎኝ ላፕቶፑን ልዘጋ ስል ጀመሩ።

«የዚችን ልጅ እናት ባገባሁ በዓመቱ ነው ለቅኔ የወጣኹ። ይች ገና አልተወለደችም። ስወጣ እናቷ ደጃፍ ላይ ቆማ ‹አንድ ነገር ልነግርህ ነበር› አለችኝ። ‹ስመለስ ትነግሪኛለሽ› ብያት ሄድኹ። ጓደኞቼ መንገድ ላይ ቆመው ይጠብቁኝ ነበር። ካንዱ ቅኔ ቤት ወዳንዱ ስል ሰባት ዓመት ቆየኹ። ለእኔስ ሰባት ዓመቱ እንደ አንድ ሰሞን ነው ያለፈ፤ ትምህርት ነዋ። ለእሷ ግን ማታው ሁሉ ማታ ነበር፣ ጧቱም ሁሉ ጧት ነበር። ስመለስ ጠየቅኋት። ‹ረሳሁት› አለችኝ። ኋላም ደጋግሜ ጠየቅኋት። ረሳሁት እንዳለች ሞተች።» ፋሻውን በጣታቸው ነካ አደረጉ። «አልረሳችውም ልጄ። ለልጅቱ እንዳትነግራት፤ ታዝንብኛለች።»

«አልነግራትም» አልሁ።

«የተሰረዘ ቀን እኮ ቤት አለው፤ ቤቱም ውስጥ ሰው ተቀምጧል። ያ ፊቱን የሸፈነው ሰው ወንድ አይዶለም። የሰውዬው ሚስት ናት። ያቋረጠባትን ነገር ልትጨርስ ነው የምትከተለው።»

ልክ እንደሆኑ ወዲያው አወቅሁ። ሦስቱም ፊልሞች ጭንቅላቴ ውስጥ ቦታ ቦታቸውን ያዙ፤ ለምን ባለ ዝናብ ልብሱ ሁልጊዜ ከገበታ አጠገብ እንደሚታይ፣ ለምን አንዴም ተናግሮ እንደማያውቅ። ያን ሁሉ ጊዜ ያየሁት እኔ ነኝ፤ ያገኙት እሳቸው ናቸው። ማዘን የነበረብኝ ለእናትየዋ ነበር። እኔ ግን እውነቱን ለመናገር ያዘንሁት ለራሴ ነው። ወደ ሱቅ ተመለስሁ።

ደብተሩን ከፈትሁ። ለባለቤቴ አለመንገር ቃል ገብቻለሁ፣ አልነግራትም። ስለ ፊልሙ ያሉት ግን ሌላ ነው፤ ፊልሙን ያመጣሁትም የተረክሁትም እኔ ነኝ እያልሁ ለራሴ ተከራከርሁ። ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል፤ እኔ ግን አመል እንኳ አልነበረኝም፣ የመጀመሪያዬ ነው። በራሴ እጅ ጽሑፍ፣ ከስሜ ጋር፣ «የተሰረዘ ቀን ቤት አለው፤ ቤቱም ውስጥ ሰው ተቀምጧል» ብዬ ጀመርሁና ባለ ዝናብ ልብሱ የተመላሹ ሚስት መሆኗን አንድ ገጽ ጻፍሁ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ የነበረውን የድሮ አስተያየቴን ሰረዝሁት።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ደንበኞቼ ሳቁብኝ። የቡሬው ልጅ «ሴት ከየት መጣች?» ብሎ ጻፈ። በሦስተኛው ሳምንት የተመላሹ የመጨረሻ ክፍል መጣ። ሱቄ ውስጥ ቆመን አየነው፤ ሰው በሩን ሞልቶት ነበር፣ ባለቤቴም ከሥራ መልስ መጥታ አጠገቤ ነበረች። ባለ ዝናብ ልብሱ ኮፍያውን አወረደ። የተመላሹ ሚስት ነበረች። «አንድ ነገር ልነግርህ ነበር» አለች፤ ፊልሙም እዚያው አለቀ።

የባጃጅ ሾፌሩ ከመሬት አነሣኝ። ሰው ደብተሩን እየተቀባበለ ጮክ ብሎ ያነበዋል። ባለቤቴ አየችኝ። ያን አስተያየት አውቀዋለሁ፤ ጠረጴዛዬ ላይ ክንዷን አስደግፋ «ልክ ነህ» ያለችኝ ቀን ያየችኝ ነው። ናፍቆኝ ነበር።

«ከየት አመጣኸው?» አለችኝ ቀስ ብላ።

«አሰብሁበት» አልኋት።

የኔታ የመጨረሻው ፋሻ የተፈታላቸው ቅዳሜ ነው። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ምሳ በልተን እንደተቀመጥን ባለቤቴ ከቦርሳዋ ደብተሩን አወጣች። ከሱቅ ይዛው እንደመጣች አላወቅሁም ነበር።

«አባዬ፣ ስሙኝማ፤ የፊልሙን መጨረሻ ከመምጣቱ በፊት ያወቀ ሰው አለ» አለችና አነበበች። በደንብ ነው የምታነበው። እያንዳንዱን ቃል አጣርታ፣ ቦታ ሰጥታ። የኔታ ቅኔ ሲሰሙ እንደሚያደርጉት ጆሯቸውን አዘንብለው ሰሙ። እኔ ጨው ማስቀመጫውን ከወዲህ ወዲያ አዞር ነበር።

«ይደገም» አሉ።

ደገመችው። «የተሰረዘ ቀን ቤት አለው፤ ቤቱም ውስጥ ሰው ተቀምጧል።»

«ማን ነው ያለው?»

«ባሌ ነዋ!» አለች። እንዲያ ኮርታ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም።

የኔታ ወደ እኔ ዞሩ። በሁለቱም ዐይናቸው። ቤቴ ከገቡ ጀምሮ ፊቴን እንዲህ አጥርተው ሲያዩት የመጀመሪያቸው ነበር፤ ቸኩለውም አልተዉትም። አሁን ይናገራሉ ብዬ ጠበቅሁ። ቢናገሩ ይሻለኝ ነበር፤ ቢያንስ ተጣልተን ይወጣልኝ ነበር። ከዚያ ፈገግ አሉና ወደ ልጃቸው ተመለሱ።

«ልጄ፣ ባልሽ ቅኔ ይዘርፋል ለካ።»

ባለቤቴ እጇን አጨበጨበች። እሷ የቅኔ መምህር ልጅ ናት፤ እነሱ ቤት ቅኔ ዘረፈ መባል ስንት ዓመት የተንከራተቱበት ሹመት ነው። ተነሥታ የአባቷን ጉልበት ሳመች፣ ቀጥላ እኔን አቀፈችኝ። ሰሙን እሷ ወሰደች፤ ወርቁ ለእኔ ደረሰኝ። ሰኞ ጠዋት የኔታን መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋቸው፤ መኪናው ውስጥ ሆነው መረቁኝ፣ ምርቃቱም ሙሉ ነበር።

ነገሩ በዚያ ቢያበቃ ደግ ነበር። ባለቤቴ ግን ማክሰኞ ሱቅ መጥታ፣ ከእኔ ጽሑፍ ሥር በራሷ እጅ «የኔታ ይህን ሰምተው ‹ባልሽ ቅኔ ይዘርፋል› አሉ» ብላ ጻፈች። ደንበኛው ሁሉ አነበበው። እኔን የሚያንገበግበኝ መያዜ ብቻ አይደለም፤ በሦስት ቃል ይዘውኝ፣ ልጃቸውን አስደስተው፣ ቃሌን ጠብቄ እንደሆነ እንኳ ሳይጠይቁኝ መሄዳቸው ነው። እኔ ያን የሚያህል ነገር በዕድሜዬ ተናግሬ አላውቅም። በዚያም ቀናሁባቸው።

ልነግራት ያሰብሁባቸው ቀኖች ነበሩ። «አንድ ነገር ልነግርሽ ነበር» ብዬ አንድ ጊዜ ጀምሬም አውቃለሁ። «ምን?» ስትለኝ «ረሳሁት» አልኋት።

አሁን ሱቁ ስም ወጥቶለታል፤ ለእኔም እንደዚሁ። ሰው በሩ ላይ ቆሞ፣ በፍቅር፣ በአክብሮት፣ ባለቤቴ አጠገቤ ቆማ እየሰማች፣ «ዘራፊው! አዲስ ምን መጣ?» ይለኛል።

«አቤት» እላለሁ።